ኪኒን የማያስታግሰው ራስ ምታት፦ በቀን ስንት ሰዓት ነው የምትሠሩት?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። "ሐኪም ደግሞ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ፍረዱ።

የዛሬ ዓመት ገደማ አንዲት የ27 ዓመት ወጣት እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። (ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) ችግሯ ራስ ምታት ነው። ግፊቷን ለካሁ፣ ደህና ነው። ዓይኗን እንድትታይ ነገርኳት፣ ፓራሲታሞል አዘዝኩላትና "ውኃ ጠጪ፣ በደንብ ተኚ" ብዬ ሸኘኋት።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። አሁን ደግሞ ወገቧንና እግሯን ነው። "ማታ ማታ ጫማዬ አልወልቅ እስኪል እግሬ ያብጣል" አለችኝ። የደምና የሽንት ምርመራ አዘዝኩ፤ ውጤቱ ምንም የለውም። የሚቀባ ማስታገሻና የሁለት ቀን የሕመም ፈቃድ ጽፌ ሰጠኋት። በቃ፣ ቀጣይ ታካሚ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ የ24 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። ራስ ምታቱ ተመልሶባታል። ግፊቷ 142/92 ሆነ። አሳርፌ ከአራት ሰዓት በኋላ ደግሜ ስለካው 140/90። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን የለም። ከ20 ሳምንት በኋላ የሚመጣ እንዲህ ያለ ግፊት "የእርግዝና ደም ግፊት" ይባላል። ቸል ከተባለ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ወደሆነው ፕሪኢክላምፕሲያ ሊያድግ ይችላል።

ያኔ ነው በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኳት።

"ምንድን ነው ሥራሽ?"
"ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ።"
"ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?"
"ሁለት ሰዓት።"
"ስትወጪስ?"
"ሦስት ሰዓት።"
"የቀኑን ሦስት… ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው?"
"ኧረ ዶክተር! የማታውን ሦስት ሰዓት ነው እንጂ።"

አብረን ሒሳብ ሠራን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት 13 ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ምሳዋን ስንቀንስ 12 ሰዓት። በሳምንት 6 ቀን፣ ጠቅላላ 72 ሰዓት። ታክሲ ተጋፍታ ቤቷ የምትደርሰው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። እራት ሠርታ፣ የነገ ልብሷን አዘጋጅታ የምትተኛው 6 ሰዓት። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች። እንቅልፏ 5 ሰዓት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ "በደንብ ተኚ" ብያት ነበር። በየትኛው ሰዓት?

ሰውነት ምን ይላል?

ግፊቷን ያመጣው ሥራው ነው ብዬ አልምልም። የእርግዝና ግፊት ብዙ መንስኤ አለው፤ ሙሉ ዕረፍት ያላትም ሴት ሊይዛት ይችላል። ረጅም የሥራ ሰዓት ሰውነትን እንደሚጎዳ ግን በደንብ የተጠና ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ ያጠኑትና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎችን ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲያነጻጽር፣ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር መጥበብ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ በዓለም ላይ ወደ 745,000 ሰው በስትሮክና በልብ ሕመም እንደሞተ ገምተዋል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛ፣ ረጅም ሰዓት ውጥረት ላይ የቆየ ሰውነት የጭንቀት ሆርሞኖችን እያመነጨ ይቆያል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ያጥራል። በእንቅልፍ ሰዓት መውረድ የነበረበት ግፊት ሳይወርድ ይነጋል። ሦስተኛ፣ ጊዜ የሌለው ሰው እንቅስቃሴ አያደርግም፣ ያገኘውን በልቶ ይሮጣል፣ ኪኒኑን ይረሳል፣ ቀጠሮው ያልፈዋል።

አደጋውም አለ። ለ17 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው ንቃቱ ሲለካ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ይገኛል። በብዙ አገሮች በዚህ መጠን መኪና መንዳት ክልክል ነው።

ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ኢንተርን እያለሁ ከ30 ሰዓት በላይ በቆየሁበት ዱቲ፣ ለአንድ ሕፃን የመድኃኒት መጠን ስጽፍ ነጥቧን የተሳሳተ ቦታ አስቀመጥኳት። የአሥር እጥፍ ልዩነት! አንዲት ሲስተር አይታ "ዶክተር፣ ይቺን ቁጥር እስኪ ድገማት" አለችኝ። ሕፃኑ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሰነፍ ወይም ግድየለሽ ሆኜ አልነበረም፤ ያ አንጎል በዚያ ሰዓት አይሠራም ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል?

ከታካሚዬ ጋር ካወራሁ በኋላ ማታ ቤቴ ገብቼ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በስልኬ ላይ አነበብኩ። ስጨርስ "ይሄ እኮ የጤና ሕግ ነው" አልኩ። ዋና ዋናውን በቀላል አማርኛ ላስቀምጥላችሁ።

1. መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሥራ ሰዓት የሚባለው የምትሠሩበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆናችሁ የምትገኙበትም ጊዜ ነው። ደንበኛ ስለሌለ ካሸሯ ቁጭ ያለችበት ሰዓትም ይቆጠራል።

2. የሳምንቱ ሰዓት ሊሸጋሸግ ይችላል። ለምሳሌ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርታችሁ ቀሪውን በሌሎቹ ቀናት ማካካስ ይቻላል። ያኔም ቢሆን በአንድ ቀን ላይ የሚጨመረው ከ2 ሰዓት አይበልጥም፤ ማለትም ቀኑ ከ10 ሰዓት አያልፍም።

3. የትርፍ ሰዓት ሥራ (ኦቨርታይም) አሠሪው በፈለገ ቁጥር የሚያዘው ነገር አይደለም። የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ነው፤ እሱም አሠሪው ሌላ አማራጭ ሲያጣ። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ የሚደጋገም ነገር አስቸኳይ ሥራ ሊባል አይችልም።

4. ሲፈቀድም ጣሪያ አለው፦ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የእኔ ታካሚ በሳምንት 24 ሰዓት ትርፍ ትሠራ ነበር። የጣሪያው እጥፍ!

5. በየ7 ቀኑ ቢያንስ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ።

6. የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ ላይ እያላችሁ "ዕረፍትህን በገንዘብ ልክፈልህ" ማለት በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። ለምን? ዕረፍት የተሰጠው ለሰውነት እንጂ ለኪስ ስላልሆነ።

7. የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል።

መነሻው ደግሞ ከአዋጁም በላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ጤናማ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ኦቨርታይም እንዴት ይሰላል?

በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ የወር ደመወዛችሁን ለ208 ስታካፍሉት የአንድ ሰዓት ክፍያችሁን ታገኛላችሁ። ስሌቱ እንዲቀለን ደመወዙ 10,400 ብር ነው እንበል። የአንድ ሰዓት ዋጋ 50 ብር ይሆናል። ከዚያ፦

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት፦ 1.5 እጥፍ፣ በሰዓት 75 ብር።
ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ 1.75 እጥፍ፣ በሰዓት 87 ብር ከ50።
በሳምንት የዕረፍት ቀን፦ 2 እጥፍ፣ በሰዓት 100 ብር።
በሕዝብ በዓል ቀን፦ 2.5 እጥፍ፣ በሰዓት 125 ብር።

እንደ ታካሚዬ በሳምንት 24 ሰዓት ትርፍ የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 104 ሰዓት ይሆንለታል። በ75 ብር ሲባዛ 7,800 ብር። የደመወዙ ሦስት አራተኛ ማለት ነው! እሷ ግን ለዚያ ሁሉ ሰዓት የሚከፈላት አንድም ብር አልነበረም። "ሲቀጥሩኝ ሰዓቱ ይሄ ነው ተብዬ ነው የፈረምኩት" አለችኝ። ልብ በሉ፣ ከአዋጁ በታች የሆነ ውል ላይ መፈረማችሁ መብታችሁን አያጠፋውም።

ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው

ሕጉ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። የትርፍ ሰዓት ሥራም ማዘዝ አይቻልም። ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዛል። ለእርግዝና ክትትል የምትሄድበት ጊዜም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ነው። የወሊድ ፈቃዱ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ነው። በእርግዝናዋ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትም አይቻልም።

ከሕጉ ጎን ለጎን ግን እነዚህን ምልክቶች በቃላችሁ ያዙ፦ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ብዥታ ወይም ዓይን ላይ ብልጭታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በተለይ በቀኝ በኩል ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ፈቃድ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል! ሥራው ይደርሳል።

ሕጉ የማይመለከታቸው አሉ?

አሉ። አዋጁ በዋናነት የሚያገለግለው በግል ድርጅት፣ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶችና በመንግሥት የልማት ድርጅት ለሚሠሩ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የቤት ሠራተኞችም እንደዚሁ የአዋጁ የሰዓት ገደብ በቀጥታ አይደርሳቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የእኛን ኦቨርታይም ስናሰላ፣ ቤታችን ያለችው ልጅ ስንት ሰዓት ተነስታ ስንት ሰዓት እንደምትተኛም እንጠይቅ። የእሷም ልብና ደም ሥር ከእኛ አይለይም። በራችን ላይ 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት የሚያርፈው ጥበቃም በአማካይ በሳምንት 84 ሰዓት ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ?

"ዶክተር፣ ይሄን ብናገር በነጋታው እባረራለሁ" የሚለኝ ታካሚ ብዙ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሕጉ ሳይሆን ደመወዙ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ፣ በቅደም ተከተል ሂዱ።

አንደኛ፣ መዝግቡ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በቴሌግራም የሚላክላችሁን የሺፍት ፕሮግራምና "ነገም ትገቢያለሽ" የሚል መልእክት አታጥፉ። የፊርማ መዝገቡን ፎቶ ማንሳት ከቻላችሁ አንሱ።

ሁለተኛ፣ በቅድሚያ ከቅርብ ኃላፊያችሁ ጋር በሰላም ተነጋገሩ። አንዳንዱ አሠሪ በእውነት ሕጉን አያውቀውም። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ በኩል ይሻላል፤ አንድ ሰው ከሚጠይቅ አሥር ሰው ቢጠይቅ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ አልሆን ካለ በአካባቢያችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ድርጅት ድረስ ሄደው የማየት ሥልጣን አላቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። አዋጁ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብን ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል።

አራተኛ፣ ይርጋውን አትርሱ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። "ሥራ ስለቅ ሁሉንም እጠይቃለሁ" እያላችሁ ዓመታት ካሳለፋችሁ የድሮው ያመልጣችኋል።

አምስተኛ፣ ሐኪማችሁ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። "በቀን ይህን ያህል ሰዓት ነው የምሠራው፣ ይህን ያህል ሰዓት ነው የምተኛው" በሉ። እንደ ግፊት መለኪያ ቁጥር ይጠቅመናል። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ እባካችሁ ካርዱ ላይ እንጻፈው።

ታካሚዬስ?

ለእርግዝና ክትትሏ ወደ ማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ላክኋት። ለአሠሪዋ ደግሞ በፈቃዷ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ በጤናዋ ምክንያት በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ ቁጭ ብላ እንድትሠራ፣ በሚል። አዋጁንም ጠቀስኩ። ስጽፈው እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ብትባረርስ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣች። ኃላፊዋ ደብዳቤውን አይቶ "እሺ፣ ግን ግማሽ ቀን ከሠራሽ ደመወዝሽም ይቀነሳል" አላት። እሷ ስልኳን አውጥታ አንቀጹን አሳየችው። "ስምንት ሰዓት እኮ ግማሽ ቀን አይደለም፤ ሙሉ ቀን ነው" አለችው። ሁለት ቀን አኮረፈ፣ በመጨረሻ ከ2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንድትሠራ ተስማሙ። ደመወዟ አልተነካም። ወንበርም ተሰጣት።

የዚያን ቀን ግፊቷ 132/84 ነበር። ድኗል አልልም፤ ክትትሉ እስከምትወልድና ከወለደችም በኋላ ይቀጥላል። ግን ስትገባ "ዶክተር፣ ስምንት ሰዓት ተኛሁ እኮ!" ብላ ሳቀች። በአንድ ዓመት ውስጥ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ያልተከፈላትን ኦቨርታይም አልጠየቀችም። "እሱን አሁን አልችልም፣ ልጄን ልውለድ" አለች። ውሳኔው የእሷ ነው፤ እኔም አልገፋኋትም። ይርጋው ግን እየሄደ መሆኑን ነግሬያታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ሌላ ልጅ መጣች። "ጓደኛዬ ናት የላከችኝ፣ አብረን ነው የምንሠራው" አለችኝ። ራሷን ያማታል። የግፊት መለኪያውን ሳላነሳ በፊት ጠየቅኳት፦

"ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ስንት ሰዓትስ ትወጫለሽ?"

"ሁለት ገብቼ ሦስት እወጣለሁ" አለች። አሁን የቱ ሦስት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እናንተስ? በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ? ዛሬ ማታ ደምራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ማታ ዘግይታ ለምትወጣ እህታችሁ፣ ሌሊት በር ላይ ለሚያድር ወንድማችሁ አጋሩላቸው።

ጤናና ዕረፍት ይስጥልኝ።